ፌዴሬሽንና መንግሥት፦ ከጉባኤ ጥሪ እስከ ፊፋ እገዳ መስመሩን የመጠበቂያ መመሪያ

መንግሥት በእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሥራ ገብቶ አገር የምትታገደው ብዙውን ጊዜ በክፋት አይደለም። ብሔራዊ ቡድኑ ይሸነፋል፣ ገንዘብ ጠፋ የሚል ወሬ ይነሳል፣ ሕዝቡ ይቆጣል፣ ሚኒስትሩ «ምን እየሠሩ ነው?» ተብለው ይጠየቃሉ። እሳቸውም የለመዱትን ያደርጋሉ፦ አመራሩን አንስተው ጊዜያዊ ኮሚቴ ይሾማሉ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ እንዲህ ይነሳል። የፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትን ግን የመረጠው ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ የሚያወርደውም እሱ ነው። ይህን ያላገናዘበ አንድ ደብዳቤ ተጫዋቾችን፣ ዳኞችንና ክለቦችን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከዓለም አቀፍ ሜዳ ውጭ ያደርጋል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለክለብና ለክልል ፌዴሬሽን ተወካዮች፣ ለጽሕፈት ቤት ሠራተኞችና ለስፖርት ቢሮ ባለሙያዎች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መስመሩ የቱ ጋ ነው?

መንግሥት ከስፖርት ይውጣ ማለት በእኛ አገር ትርጉም የለውም። ስታዲየም የሚሠራው፣ ፀጥታ የሚያስከብረው፣ ብሔራዊ ቡድን ሲጓዝ ወጪ የሚሸፍነው መንግሥት ነው። ባህር ዳር ከተማና ሀዋሳ ከተማ ስማቸው እንደሚናገረው የከተማ ቡድኖች ናቸው፤ መቻል የመከላከያ ነው፤ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የመንግሥት ባንክ ነው። ፊፋ ይህን አይከለክልም። የሚከለክለው የፌዴሬሽኑን ወንበር ማን እንደሚይዝ ከጉባኤው ውጭ መወሰንን ነው።

በፊፋ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አራት አንቀጾችን አትመው ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀምጡ፦ 14፣ 15፣ 16 እና 19። አንቀጽ 14 አባል ፌዴሬሽን ጉዳዩን በራሱ እንዲመራ፣ ሦስተኛ ወገን ተጽዕኖ እንዳያደርግበት ያስገድዳል። 15 በፖለቲካና በሃይማኖት ገለልተኛ መሆንን፣ 16 የእገዳን ሥርዓት፣ 19 ደግሞ የፌዴሬሽኑ አካላት በምርጫ ወይም በውስጥ ሹመት ብቻ እንዲቋቋሙ ይደነግጋል። ብዙ ሰው የሚዘለው በአንቀጽ 14 ውስጥ ያለ አንድ ንዑስ አንቀጽ አለ፦ ጣልቃ ገብነቱ የፌዴሬሽኑ ጥፋት ባይሆንም ፌዴሬሽኑ ሊቀጣ ይችላል ይላል። «እኛ ምን አደረግን?» የሚለው አቤቱታ ውሃ የማያነሳው ለዚህ ነው።

አንድ እርምጃ መስመሩን ማለፉን ለመለየት «ይህን የመወሰን ሥልጣን በደንቡ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

መንግሥት የሰጠውን በጀት ኦዲት ቢያደርግ የራሱ ጉዳይ ነው። በጀት ቢያቆም ያማል እንጂ ብቻውን እገዳ አያመጣም። አንድ አመራር በሙስና ተጠርጥሮ በግሉ ቢከሰስም የሕግ ጉዳይ ነው፤ ወንበሩን ግን በደንቡ መሠረት ምክትሉ ይይዛል እንጂ ሚኒስቴሩ የላከው ሰው አይቀመጥበትም። ባለሥልጣን ጉባኤ ከፍቶ ንግግር ቢያደርግ ችግር የለም። መድረኩን ከመራ፣ ዕጩ ካጸደቀ ወይም «እገሌ አይወዳደር» ካለ መስመሩ ታልፏል።

ሦስተኛ ወገን ሲባል ሚኒስትር ብቻ እንዳይመስልዎ። በ2022 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአገሪቱን ፌዴሬሽን የሚያስተዳድር ኮሚቴ ሰየመ። ፊፋ በኦገስት አጋማሽ አገደ። ያን ሰሞን የጎኩላም ኬረላ የሴቶች ቡድን ለእስያ ክለቦች ውድድር ታሽከንት ገብቶ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ሆቴል ተቀምጠው መጫወት እንደማይችሉ ተነገራቸው። ፍርድ ቤቱ ኮሚቴውን ሲያፈርስ እገዳው በኦገስት መጨረሻ ተነሳ፤ አገሪቱም ከ17 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫን ኦክቶበር ላይ አስተናገደች። ያ የሴቶች ቡድን ግን ውድድሩ አምልጦት ተመልሷል።

ከጉባኤው በፊት፦ ቀኑን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጣልቃ ገብነት በቀላሉ የሚገታው ምርጫው ከመድረሱ በፊት ነው። የአመራሩ የሥራ ዘመን ሲያልፍና ምርጫ ሲጓተት ቢሮው ባለቤት ያጣል፤ «ክፍተቱን እንሙላ» የሚል አካል የሚመጣውም ያኔ ነው። ስለዚህ የሥራ ዘመኑ የሚያበቃበትን ቀን ይዘው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ጥሪ ከስንት ቀን በፊት እንደሚላክ፣ ጥቆማ መቼ እንደሚዘጋ፣ ይግባኝ በስንት ቀን እንደሚታይ የፌዴሬሽኑ ደንብ ይናገራል። ደንቡ በዚህ ላይ ዝም ካለ በቀጣዩ መደበኛ ጉባኤ እንዲሻሻል አስቀድመው በአጀንዳ ያስይዙ፤ በምርጫ ዋዜማ ደንብ ማሻሻል ራሱ የጭቅጭቅ ምንጭ ነው።

ልምድ የሚያሳየው ምቹ ርቀት ይህን ይመስላል፦ አስመራጭና ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴዎች ከምርጫው 6 ወር ቀደም ብለው በጠቅላላ ጉባኤ ይመረጡ። የጥቆማ ጊዜ 3 ወር ሲቀረው ይከፈት፤ ቢያንስ 6 ሳምንት ሲቀረው ይዘጋ። በመካከል ያለው ጊዜ ለማጣራትና ለይግባኝ ነው። ይግባኝ ሳያልቅ የዕጩዎች ዝርዝር ከታተመ የተቀነሰው ዕጩ የሚሄደው ወደ ቢሮ ኃላፊ ወይም ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጅዎ ወጣ ማለት ነው።

የአስመራጭ ኮሚቴ አባል የሥራ አስፈጻሚ አባል ወይም ዕጩ መሆን የለበትም። የመንግሥት ተሿሚም ባይሆን ይመከራል። የሕግ ባለሙያ፣ ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ዳኛ፣ የሒሳብ ባለሙያ ያስፈልጉታል፤ ምትክ አባላትም አብረው ይመረጡ፤ አንድ ሰው ሲታመም ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ ተብሎ ምርጫ የተራዘመበት ቦታ ጥቂት አይደለም።

ውክልናው፦ ሁሉም ነገር የሚበላሽበት ቦታ

አብዛኛው ክለብ በጀቱን የሚያገኘው ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመሥሪያ ቤት በሆነበት አገር ፖለቲካ ወደ ጉባኤው የሚገባው በዋናው በር አይደለም፤ በተወካይ ቅያሬ በኩል ነው። ሲዘጋጅ የከረመው ተወካይ በዋዜማው ይቀየርና «አዲሱ ተወካይ እኔ ነኝ» የሚል ሰው የማዘጋጃ ቤት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ አዳራሹ በር ላይ ይቆማል። ሁለት ሰው፣ አንድ ወንበር። ጠዋት 3 ሰዓት ሊጀመር የነበረው ጉባኤ እኩለ ቀን ላይ ገና ስለ ምልዓተ ጉባኤ ይጨቃጨቃል።

መከላከያው የወረቀት ሥራ ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም ዋጋ አለው።

የውክልና ደብዳቤው የወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ የተወካዩ ሙሉ ስምና ኃላፊነት፣ የክለቡ ማኅተም፣ በክለቡ ደንብ ለመፈረም ሥልጣን ያለው ሰው ፊርማ ይኑረው። ከሥሩ የክለቡ ቦርድ ተወካዩን የመረጠበት ቃለ ጉባኤ ይያያዝ። ማኅተሙ የክለቡ እንጂ የከንቲባው ጽሕፈት ቤት እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ድምፅ ያለው አባሉ ክለቡ ነው፣ የገንዘብ ምንጩ አይደለም። የመመዝገቢያ ቀን ይቆረጥ፤ ለምሳሌ ከጉባኤው 15 ቀን በፊት። ከዚያ በኋላ መቀየር የሚቻለው በሞት፣ በሕመም ወይም ክለቡን በመልቀቅ ብቻ፣ ያውም ማስረጃ ተያይዞ። ዝርዝሩ በተቆረጠ ማግስት ለሁሉም አባላት ይላክ፤ ሁሉም ያየውን ዝርዝር በሌሊት መቀየር ይከብዳል።

ተወካይ ከሆኑ ደግሞ ዋናውን ደብዳቤ በእጅዎ፣ ግልባጩን በጽሕፈት ቤቱ፣ ፎቶውን በስልክዎ ይያዙ። ጽሕፈት ቤቱ ሲቀበልዎ ገቢ ቁጥርና ቀን በግልባጭዎ ላይ ያስፍርልዎ። በኋላ ክርክር ቢነሳ የሚያድንዎት ያቺ ገቢ ቁጥር ናት።

የድምፅ አሰጣጡ ቀን

ድምፅ በምስጢር ይሰጣል ማለት ወረቀት አጥፎ ሣጥን ውስጥ መክተት ብቻ አይደለም። ዛሬ ምስጢሩን የሚሰብረው ስልክ ነው። «መርጠህ ፎቶ አንስተህ አምጣ» የተባለ ተወካይ ነፃ ሆኖ አይመርጥም፤ ምሽቱን የሚጠብቀው ደሞዝ ከፋዩ መሥሪያ ቤት ነውና። ስለዚህ ስልክ ከመጋረጃው ውጭ በስም በተጻፈበት ፖስታ ይቀመጥ፤ ይህም በአጀንዳው መጀመሪያ ላይ በጉባኤው ይጽደቅ እንጂ በር ላይ እንደ ፍተሻ አይምጣ። ሰው ይቆጣል፣ ግርግር ይነሳል።

ሣጥኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ባዶ መሆኑ ለጉባኤው ይታይ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በአስመራጭ ኮሚቴው ማኅተም ከጀርባው ይመታ፤ ተከታታይ ቁጥሩ በጉርዱ ላይ ይቅር እንጂ ለመራጩ በሚሰጠው ክፍል ላይ አይኑር፤ ቁጥሩ ከመራጩ ስም ጋር ከተገናኘ ምስጢሩ ፈረሰ። ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ ይጻፍ፤ የቀለም ልዩነት መለያ ምልክት ይሆናል። ከቆጠራው በፊት የወረቀቱ ብዛት ከፈረሙት ተወካዮች ጋር ይመሳከር። አንድ ወረቀት ከበለጠ ያ ዙር ይሰረዝና ይደገም፤ «አንድ ድምፅ ውጤት አይቀይርም» ብሎ ማለፍ ለቀጣዮቹ ወራት ክስ በር መክፈት ነው። ቃለ ጉባኤው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይፈረም። የፊፋና የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ታዛቢዎች ካሉ ግልባጩ በዚያው ቀን ይድረሳቸው።

የእገዳ ወይም የማፍረሻ ደብዳቤ ሲመጣ

ሚኒስቴሩ ወይም ኮሚሽኑ «ሥራ አስፈጻሚው ታግዷል፣ ጊዜያዊ ኮሚቴ ተሰይሟል» ብሎ ከጻፈ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወሳኝ ናቸው። ራዲዮ ላይ ወጥቶ መሟገት ለኋላ ይቆይ።

መጀመሪያ ሥራ አስፈጻሚው በአስቸኳይ ይሰብሰብ፤ ምልዓተ ጉባኤው ይመዝገብ፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ቀጥሎ ዋና ጸሐፊው ለጻፈው አካል በአክብሮትና በአጭሩ ይመልስ፦ ኦዲቱን እንደሚቀበሉ፣ ሰነድ እንደሚያቀርቡ፣ አመራር የማንሳት ሥልጣን ግን የጠቅላላ ጉባኤው መሆኑን ከአንቀጹ ጋር ጠቅሶ። ኦዲቱን እምቢ ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ፌዴሬሽኑን ጥፋት ሸሻጊ ያስመስለዋል፤ በሕዝብ ዘንድም የሚከራከርለት ያጣል። የፊፋን ስም ጋሻ አድርጎ የሒሳብ መዝገብ የሚደብቅ አመራር ጣልቃ ከሚገባው ሚኒስትር ባልተናነሰ እግር ኳሱን ይጎዳል።

ከዚያ ለፊፋ የአባል ፌዴሬሽኖች ክፍል፣ በግልባጭ ለካፍ ይጻፍ። ስሜት አይግባበት፤ ሁኔታው በቀን ቅደም ተከተል ይዘርዘር፣ የመንግሥት ደብዳቤው ከነትርጉሙ፣ ቃለ ጉባኤውና ደንቡ ይያያዙ። ጎን ለጎን የቁሳቁሱን ነገር ያስቡ፦ የባንክ ፈራሚዎች፣ የተጫዋች ዝውውር የሚመዘገብበት የፊፋ ኮምፒውተር ሥርዓት መግቢያ ቁልፍ፣ የኢሜል አድራሻው፣ ማኅተሙ። ቢሮው ታሽጎ የዝውውር ሥርዓቱም ከተዘጋ ክለቦች በዝውውር መስኮት ተጫዋች ማስመዝገብ ያቅታቸዋል፤ ጉዳቱ ከአመራሩ አልፎ ይሄዳል።

የስፖርት ቢሮ ባለሙያ ለሆኑ አንባቢዎች ደግሞ ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጣል። ጥፋት አይታችሁ ዝም በሉ አልተባላችሁም፤ ትክክለኛውን በር አንኳኩ እንጂ። የዚምባብዌን ነገር እንይ። የመንግሥት ስፖርት ኮሚሽኑ በኖቬምበር 2021 የፌዴሬሽኑን ቦርድ ሲያግድ ካነሳቸው ክሶች አንዱ በሴት ዳኞች ላይ የደረሰ ወሲባዊ ትንኮሳ ነበር። ከባድ ጉዳይ ነው። ፊፋ ግን በፌብሩዋሪ 2022 አገሪቱን አገደ፤ እገዳው እስከ ሴፕቴምበር 2023 ቆየ። በዚያው እገዳ ውስጥ የፊፋ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በትንኮሳው ጉዳይ አንድ የዳኞች ኃላፊን ለ5 ዓመት ቀጣ። ማስረጃው በቀጥታ ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴው፣ የወንጀሉ ክፍል ወደ ዓቃቤ ሕግ፣ የአመራሩ ጉዳይ ወደ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ መሄድ ይችል ነበር። ሦስቱም በሮች ክፍት ናቸው፣ አንዳቸውም አገር አያሳግዱም።

ፊፋ በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል?

አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሌሊት አያግድም። ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ቀነ ገደብ ይሰጣል፣ ከካፍ ጋር ልዑክ ይልካል፣ የሚፈጸም የጊዜ ሰሌዳ ያስፈርማል። ኬንያ የፌዴሬሽኗን አመራር ያፈረሰችው ኖቬምበር 11 ቀን 2021 ነው፤ እገዳው የመጣው ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022። ከሦስት ወር በላይ የመመለሻ ጊዜ ነበር ማለት ነው። ሳይጠቀሙበት አለፈ፤ ኬንያና ዚምባብዌ በ2023 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ምድብ ተደልድለው ሳለ ወጡ።

የእኛም ታሪክ ይኸው ነው። በ2008 መጀመሪያ ላይ ፊፋ የሚያውቀው አመራርና አገር ውስጥ ቢሮውን የያዘው አመራር ተለያዩ። ፌብሩዋሪ ላይ የመፍትሔ ሰሌዳ ስምምነት ተደረሰ፤ አልተፈጸመም፤ በጁላይ መጨረሻ ኢትዮጵያ ታገደች። ሴፕቴምበር ላይ ከሞሮኮ፣ ከሩዋንዳና ከሞሪታንያ ጋር ከተደለደለችበት የ2010 ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወጣች፤ የተጫወተቻቸው ጨዋታዎች ውጤትም ተሰረዘ። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር፦ የመፍትሔ ሰሌዳ ሲፈረም ለእያንዳንዱ ነጥብ ስም ያለው ኃላፊና ቀን ይመደብ፣ በየሳምንቱ ለፊፋ የሂደት ሪፖርት ይላክ። ሰሌዳ ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ፊፋ እንደ እምቢታ ይቆጥረዋል።

ከእገዳ ሌላ አንድ መንገድ አለ፤ የመደበኛ ሁኔታ መላሽ ኮሚቴ። ፊፋ ራሱ የሚሾመው ጊዜያዊ አስተዳደር ነው። አገሪቱ በውድድር ትቀጥላለች፤ የተመረጠው አመራር ግን ይወርዳል። ሁለቱም ወገን ቂም ውስጥ ገብቶ ጉባኤ መጥራት ካልተቻለ ይህን መጠየቅ ከእገዳ እጅግ የቀለለ ነው።

እገዳው ከወረደ በኋላ

የአገር ውስጥ ሊግ ይቀጥላል። ከድንበር ውጭ ግን ብሔራዊ ቡድኑም ክለቡም አይጫወቱም፣ የወዳጅነት ጨዋታም ቢሆን። ዳኞች ለዓለም አቀፍ ጨዋታ አይመደቡም፣ ሥልጠናዎች ይቆማሉ፣ ፎርዋርድ የሚባለው የፊፋ የልማት ድጋፍ ገንዘብ ይቋረጣል። ይህ ገንዘብ ከ2023 እስከ 2026 ባለው ዙር ለአንድ ፌዴሬሽን እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል፤ ለታዳጊና ለሴቶች ሊግ ሌላ ምንጭ የሌለው ፌዴሬሽን ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ውሳኔውን የሚቃወም ወገን ሎዛን ለሚገኘው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ይግባኝ የሚለው ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ ክርክሩ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን አይሰማም።

የእገዳው ርዝመት በምክንያቱ ላይ ይወሰናል። በደብዳቤ የመጣ እገዳ ደብዳቤው ሲነሳ ያልቃል፤ የኢንዶኔዢያው እገዳ ከሜይ 2015 እስከ ሜይ 2016 ቆይቶ የተነሳው ሚኒስቴሩ ፌዴሬሽኑን ያገደበትን ትዕዛዝ ሲሽር ነው። በሕግ የመጣ ግን ሕጉ እስኪሻሻል ይጠብቃል፤ ኩዌት በስፖርት ሕጓ ምክንያት ከኦክቶበር 2015 እስከ ዲሴምበር 2017 ታገደች፣ የ2018 ዓለም ዋንጫ ማጣሪያዋም በመካከል ተቋረጠ። ስለዚህ ማንኛውም የስፖርት አዋጅ ወይም ደንብ ገና በረቂቅ ሳለ «ሚኒስቴሩ ሊያግድ፣ ሊያፈርስ፣ ሊያጸድቅ ይችላል» የሚሉትን ግሶች ፈልገው ያስምሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ የጽሑፍ አስተያየት ያቅርቡ። ረቂቅ ማስተካከል የሳምንት ሥራ ነው፣ የጸደቀ ሕግ ማሻሻል ግን ዓመት ይፈጃል።

ሜዳ ላይ፣ ባጭሩ

በጨዋታ ሕግ 4 መሠረት የተጫዋች መለያም የውስጥ ልብስም ፖለቲካዊ ወይም ሃይማኖታዊ መልዕክት ሊኖረው አይችልም፤ የቡድን መሪው ከማሟሟቂያ በፊት ይይ። በኦሊምፒክ የሚገዛው የኦሊምፒክ ቻርተር ደንብ 50 ነው፤ በ2021 በወጣው መመሪያ መሠረት አትሌት በጋዜጣዊ መግለጫና በቃለ ምልልስ ሐሳቡን መግለጽ ይችላል፤ በሜዳሊያ ሥነ ሥርዓት ላይ ግን አይችልም። ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ 2016 ማራቶን መጨረሻ መስመር ላይ በተቃውሞ እጆቹን ሲያጣምር ይኸው ደንብ ነበረ፤ ብር ሜዳሊያው ግን አልተነጠቀም። አትሌቱን የሚመራ ፌዴሬሽን ሥራው ደንቡን አስቀድሞ በግልጽ ማስረዳት ነው፤ ምን ማሰብ እንዳለበት መንገር አይደለም።

ፊፋ በሌለበት

በውጭ የሚኖረው ወገናችን የሚያቋቁማቸው የስፖርት ማኅበራት የፊፋ አባል አይደሉም። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየክረምቱ ቡድኖችን ሲያሰባስብ ኖሮ በ2012 መከፋፈል ደርሶበት ሁለት የተለያዩ ውድድሮች ተካሂደዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከላይ የሚዳኝ አካል የለም፤ ያለው የማኅበሩ ደንብና የተመዘገበበት ግዛት ሕግ ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች አስቀድመው ይጻፉ፦ የክብር እንግዳ የሚመረጠው በቦርድ ድምፅ በስንት እጅ ብልጫ እንደሆነ፣ አንድ ስፖንሰር ከጠቅላላ ገቢው ከምን ያህል በላይ መስጠት እንደማይችል፣ አለመግባባት ሲፈጠር የትኛው ገላጋይ እንደሚዳኝ። የስፖንሰሩ ጣሪያ ሩብ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ግማሹን የሚከፍል ሰው ውሎ አድሮ እንግዳውንም መምረጡ አይቀርም።

እገዳ ተነስቶ ወደ ውድድር የሚመለስ ፌዴሬሽን የመጀመሪያ ሥራው የካፍን የምዝገባ ቀነ ገደቦች ማየት ነው። ክለብ ለቻምፒየንስ ሊግ፣ ቡድን ለማጣሪያ የሚመዘገብበት ቀን ካለፈ እገዳው በወረቀት ተነስቶ በሜዳ ላይ አንድ የውድድር ዘመን ይቀጥላል።